ወዝአደር እና ላብአደር፦ የሙያ ቃላት፣ ሰሚያቸውና ትርጉም የመጠየቅ መብት በአብዮቱ ዘመን አማርኛ

1. መነሻ

በ1968 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ፕሮሌታሪያት ለሚለው የባዕድ ቃል ሁለት የአማርኛ አቻዎች ይፎካከሩ ነበር። የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ በአጭር ስሙ መኢሶን፣ ወዝአደር ይል ነበር። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ ደግሞ ላብአደር ይል ነበር። ሁለቱ ቃላት በአመሠራረት መንታ፣ በፍቺ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱም የሚያመለክቱት በጉልበቱ ድካም የሚኖርን ሰው ነው። ይሁንና ተናጋሪው አንዱን መርጦ ሲያነሣ፣ ስለ ሠራተኛው መደብ ከተናገረው ይልቅ ስለ ራሱ ወገን ያሳወቀው ጎልቶ ይሰማ ነበር።

የሙያ ቃላት ታሪክ በአካባቢያችን ቋንቋዎች ጥናት ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከምንጫቸው አንጻር ነው። ቃሉ ከግእዝ ይቀዳ ወይስ ከሕዝቡ አነጋገር ይወሰድ፣ ወይስ የባዕዱ ቃል እንዳለ ይግባ የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። የወዝአደርና የላብአደር ታሪክ ግን በዚህ ሚዛን አይለካም። ሁለቱም ከሕዝቡ አነጋገር የወጡ፣ ማንም አማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያ መስማቱ ሊፈታቸው የሚችል ቃላት ናቸው። ግልጽ ሆነው ሳሉ አጥር ሆኑ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚያስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቃሉን የማያውቀው ሰው በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ይችል ነበር ወይ? በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

2. የማብራራት ልማድ ከአብዮቱ በፊት

ሰሚው የማያውቀውን ቃል አንሥቶ በሚያውቀው የመፍታት ልማድ በአማርኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት መምህሩ የግእዙን ንባብ ያነብባል፤ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌሎች ፍቺዎችን ይደረድራል። በዚህ ሥርዓት የግእዙ ቃል ክብሩን አያጣም፤ ተማሪውም ባለማወቁ አይዋረድም። ያለማወቁ ሁኔታ የትምህርቱ መነሻ ነውና። አንድምታ አንድን ፍቺ ብቻ ትክክል ነው ብሎ ሌላውን ከመድረክ አለማባረሩም ሊታወስ ይገባል። ይኸው የሊቃውንት ባህል በሌላ ወገን ቅኔን አፍርቷል፤ በቅኔ ደግሞ መሰወር ራሱ ጥበብ ነው። እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች፣ መግለጡና መሰወሩ፣ በአንድ ጉባኤ ቤት ጥግ ለጥግ ኖረዋል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሰሚው ወደ የትኛው እንደ ተጋበዘ ሲያውቅ ነው።

የባዕድ ዕውቀትን በአማርኛ ለማቅረብ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሡ ጸሐፊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ሀብት፣ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ የጻፉት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር፣ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው፣ የኢኮኖሚ ጥናትን ያቀረበው ገበያውንና እርሻውን በሚያውቅ አንባቢ ቋንቋ ነው። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም፤ አንባቢው ግን ወደ ጉዳዩ የሚገባበት በር ነበረው።

3. ቃላቱ የመጡበት መንገድ

የአብዮቱ የፖለቲካ ቃላት የተወለዱት ከዚህ የተለየ ቦታ ነው። ከ1960ዎቹ መባቻ ጀምሮ የተማሪው ንቅናቄ ዋና ዋና ክርክሮች በአገር ውስጥም በውጭም በብዛት የተካሄዱት በእንግሊዝኛ ነበር። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የወጣው በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጋዜጣ በስትራግል ላይ ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው በአውሮፓ ነበር፤ ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅትም በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው አውሮፓ ነው። ስለዚህ ጽንሰ ሐሳቡ በባዕድ ቋንቋ በስሎ፣ ተከፋፍሎ፣ ጠላትና ወዳጅ ለይቶ ካበቃ በኋላ ነው አማርኛ የተፈለገለት። ተርጓሚው ለአማርኛው ሰሚ ያመጣው አንድ ቃል ብቻ አልነበረም፤ ሰሚው ባልተገኘበት የተካሄደውን ክርክር ውጤትም ጭምር ነበር።

ከየካቲት 1966 ዓ.ም. በኋላ ይህ ቋንቋ በድንገት ወደ አደባባይ ወጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ኅብረተሰባዊነትን የአገሪቱ መመሪያ ብሎ አወጀ። በዚያው ወር የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማራ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ ንብረት ሆኑ። የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተቋቋሙ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበቦች ተስፋፉ። በዚያው ዓመት በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ተከፍቶ የሁለቱ ድርጅቶች ደጋፊዎች በግልጽ ተከራከሩበት።

ይህ ሁሉ የሆነው ከአሥር ሰው ዘጠኙ ፊደል ባልቆጠረበት አገር ነው። ለብዙዎቹም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ፣ ወይም ጨርሶ የማይናገሩት ቋንቋ ነበር። ለኦሮምኛ፣ ለሲዳምኛ ወይም ለወላይትኛ ተናጋሪ፣ አዲሱ ቃል ሁለት ጊዜ ባዕድ ነበር፤ አንድ ጊዜ በአማርኛነቱ፣ ሌላ ጊዜ በፖለቲካነቱ። በ1968 ዓ.ም. ተራማጅ መዝገበ ቃላት መታተሙ ችግሩ በጊዜው መታወቁን ያሳያል። ሰው በገዛ ቋንቋው የሚካሄድ ውይይት ለመከታተል መዝገበ ቃላት ካስፈለገው፣ ውይይቱ ከእርሱ ርቆ ሄዷል ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ይህን ርቀት ለማጥበብ መሞከራቸው ሊመሰገን ይገባል።

4. ቃላቱ እንዴት ተሠሩ

የዘመኑን ቃላት በአመሠራረታቸው በአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ከግእዝ ሥር የወጡ ናቸው። አብዮት ሥሩ «እንቢ አለ» የሚል ፍቺ ያለው አበየ ነው፤ አድኃሪ ከ«ኋላ» ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ ወገን እጅግ ፍሬያማ የሆነው ፀረ ነው። ፀር፣ «ጠላት» የሚለው ስም፣ በዘርፍ መልክ ከሌላ ስም ፊት እየቆመ ፀረ ሕዝብ፣ ፀረ አብዮት፣ ፀረ አንድነት የሚሉትን ወለደ። በሰዋስው ዓይን ሲታይ ስም ወደ ባዕድ መነሻነት ሲሸጋገር ማየት ነው፤ ዛሬም ፀረ ተባይና ፀረ ሙስና በሚሉት ይኖራል። በታሪክ ዓይን ሲታይ ግን በዚህ ቃል የሚጠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሁሉም ያውቅ ነበር።

ሁለተኛዎቹ ነባር የአማርኛ ቃላት ሆነው አዲስ ፍቺ የተጫነባቸው ናቸው። መደብ በቤት ውስጥ ከግድግዳ ተያይዞ የሚሠራው የጭቃ መቀመጫና መኝታ ነው፤ የአትክልት መደብም አለ። በአዲሱ ቋንቋ የኅብረተሰብ ክፍል ሆነ። ተራማጅ ከመራመድ መጣ። ብሔር በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ሲሆን በአዲሱ አገባብ ሕዝብን የሚያመለክት ሆነ፤ ብሔረሰብም ከእርሱ ተቀጥሎ ወጣ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከበርቴ ነው። ሥሩ መክበር ነው፤ በነባሩ አነጋገር አንድ ሰው አያቱን ከበርቴ ነበሩ ቢል ማመስገኑ ነበር። በአዲሱ አገባብ ቡርዥዋ ማለት ስለሆነ፣ ያው ዓረፍተ ነገር በውይይት ክበብ ሲነገር በራስ ላይ ክስ ማቅረብ ሊሆን ቻለ። እንዲህ ያለው ቃል ፈጽሞ ከማይታወቅ ቃል ይልቅ አሳሳች ነው፤ ሰሚው የሚያውቀው ስለሚመስለው ትርጉሙን አይጠይቅምና።

ሦስተኛዎቹ እንዳሉ የገቡት ናቸው፤ ኢምፔሪያሊዝም፣ ፊውዳሊዝም፣ አናርኪስት። ኅብረተሰባዊነት ራሱ ብዙም ሳይቆይ ለሶሻሊዝም ቦታውን ለቀቀ። ከእነርሱ ጋር ሊቈጠሩ የሚገባቸው ምሕጻረ ቃላት ናቸው። መኢሶን፣ ኢሕአፓ፣ ኢማሌድኅ የሚሉት በፊደል የተጻፉ አማርኛ ናቸው፤ ሆኖም ከውስጣቸው ፍቺ የሚወጣ ነገር የለም። አውቆ የመጣ ያውቃቸዋል፤ ያላወቀ አይገምታቸውም።

አራተኛዎቹ ጥምር ቃላት ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። አደረ የሚለው ግሥ ሌሊቱን ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን በአንድ ነገር መኖር፣ መተዳደር የሚል ፍቺ አለው። ለፍቶ አዳሪ የሚለው አነጋገር ነባር ነው። ወታደርም ከ«ወጥቶ አደር» እንደ መጣ በሰፊው ይነገራል። በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት አሠራር ይታያል። አንደኛው ቦዝ አንቀጽን ከአደር ጋር ያጣምራል፤ አርሶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ አርብቶ አደር። ሁለተኛው ስምን ከአደር ጋር ያጣምራል፤ ወዝአደር፣ ላብአደር። በመጀመሪያው ዓይነት ቦዝ አንቀጹ በሦስተኛ መደብ ተባዕት ነጠላ መልኩ ደርቋል፤ ሴት አርሶ አደር እንጂ «አርሳ አደር» አይባልም። በሁለተኛው ደግሞ ወዝአደር በአነጋገር ተጨፍልቆ ወዛደር ሆኗል፤ ይህም የወታደርን መንገድ መከተሉ ነው። ላብአደር ግን በጽሑፍ ሁለቱ ክፍሎቹ ተለይተው እንደታወቁ ቀርቷል።

ወዝ የፊትና የሰውነት ርጥበት፣ ድካም የሚያወጣው ቅባትና ጠብታ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አዳም እንጀራውን በምን እንደሚበላ ሲነገረው የሚጠቀሰው ይኸው ቃል ነው። ላብ ደግሞ ማብራሪያ አያሻውም። ከሁለቱ አንዱን የሚያስመርጥ የቋንቋ ምክንያት ቢፈለግ እምብዛም አይገኝም። አዲስ ቃል ማስፈለጉ ግን ከንቱ አልነበረም። ሠራተኛ የሚለው ነባር ቃል የፋብሪካውን፣ የቢሮውንና የቤቱን ሠራተኛ አንድ ላይ ይይዛል፤ ጉልበቱን ሸጦ የሚኖረውን ብቻ ለይቶ ለመጥራት የፈለገ ሰው ጠበብ ያለ ቃል ያስፈልገው ነበር። የሙያ ቃል ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሰፊው ቃል የማይለየውን መለየት። ችግሩ የመጣው ጽንሰ ሐሳብን ለመለየት የተሠራው ቃል ሰውን ለመለየት ሲውል ነው።

5. ግልጽ ቃል አጥር ሲሆን

የሁለቱ ድርጅቶች ልዩነት ከቃላት በላይ ነበር። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ይል ነበር። መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጡ ሕዝቡን ማንቃት፣ ማደራጀትና ማስታጠቅ ይቀድማል ይል ነበር። በአዲስ ዘመን ዓምድ ላይ የተካሄደው ክርክር በዚህ ጉዳይ ነበር፤ ጉዳዩም ከባድ ነበር። ነገር ግን ክርክሩን የሚያዳምጠው የቀበሌ ነዋሪ ልዩነቱን የሚያገኘው በሐሳቡ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ወዝአደር የሚለው ቃል ከመኢሶን ሌላ በደርግ ቋንቋና ወዝ ሊግ በተባለው ድርጅት ስም ሳይቀር ተተከለ፤ ላብአደር ደግሞ ከኢሕአፓ ጽሑፎች ጋር ተቈራኘ። ቃሉ ከጽንሰ ሐሳቡ ተላቅቆ አርማ ሆነ።

አርማ የሆነ ቃል ሦስት ነገሮችን ያደርጋል። በመጀመሪያ፣ ጥያቄን ያስቀራል። ላብአደርና ወዝአደር በምን ይለያያሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቅን ተማሪ ይሁን ወይስ ከሌላው ወገን የመጣ፣ ሰብሳቢው ማወቅ አይችልም። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ዝም ይላል። ሁለተኛ፣ ዝምታን ትርጉም ይሰጠዋል። ሁለቱንም ሸሽቶ ሠራተኛ የሚለውን ነባር ቃል የያዘ ሰው ያልነቃ ወይም አቋሙን የሸሸገ ሊባል ይችላል። ሦስተኛ፣ ድግግሞሽን ከመረዳት ያስቀድማል። ቃሉን በትክክለኛው ቦታ መጥራት ትርጉሙን ከማወቅ የበለጠ ደኅንነት ይሰጣል፤ በስብሰባው መጨረሻ ሁሉም አንድ ቃል ይላል፣ ምን ያህሉ አንድ ነገር እንዳሰቡ ግን አይታወቅም።

ይህ በሰላም ጊዜ ቢሆን ኖሮ የሚጎዳው ትምህርትን ብቻ በሆነ ነበር። ኢሕአፓ ከ1969 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በይፋ የመንግሥት ጠላት ተደረገ፤ አባላቱም አናርኪስት ተባሉ። መኢሶንም በ1969 መጨረሻ ከደርግ ጋር ተለያይቶ ተራው ደረሰው። በቀይ ሽብር ወራት የአንዱ ወይም የሌላው ወገን ነህ ተብሎ መጠርጠር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። በዚያ ሁኔታ አንደበት እንደ መታወቂያ ወረቀት ይነበብ ነበር። ቃላቱ ማንንም አልገደሉም፤ የገደሉት ሰዎች ናቸው። ሆኖም ቃላቱ ሰውን በአነጋገሩ የመለየትን ሥራ ቀላል አድርገውት ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ደርግ ፓርቲ ለማቋቋም ኮሚሽን ሲያደራጅ በስሙ ውስጥ ያስገባው ሠርቶ አደር የሚለውን ነው፤ ፓርቲውም በ1977 ዓ.ም. ተመሠረተ። ይህ ቃል የፋብሪካውን ሠራተኛም፣ ገበሬውንም የሚያቅፍ ሰፋ ያለ ጥላ ነው። ሁለቱ የቆዩ ቃላት የተጣሉበት ቦታ በዚህ መንገድ በሦስተኛ ቃል ተሸፈነ። በዚያ ጊዜ ግን ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም፤ የቀሩትም ታስረው ወይም ተሰደው ነበር።

6. በጎረቤት ቋንቋዎች

ተመሳሳይ ሥራ በዚያው ዘመን በሶማሊኛና በስዋሂሊ ተሠርቷል። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በይፋ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በ1974 እና 1975 ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደው ማንበብና መጻፍ አስተማሩ። ሶሻሊዝም በሶማሊኛ ሀንቲወዳግ ተባለ፤ ሀንቲ ሀብት፣ ወዳግ መጋራት ነው። አብዮት ከዓን ሲባል፣ ሥሩ መነሣት ማለት ነው። የአብዮቱ ጠላት ደግሞ ከዓንዲድ ተባለ፤ «አብዮትን እንቢ ያለ» እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሁለቱ ቋንቋዎች ተቃራኒ መንገድ ይታያል። በአማርኛ እንቢታ የአብዮቱ ሥር ሲሆን፣ በሶማሊኛ የጠላቱ መለያ ሆነ። የቃላቱ ሥር ቢለያይም ከዓንዲድና ፀረ አብዮት የሠሩት ሥራ አንድ ነበር።

በታንዛኒያ ኡጃማ የተባለው ቃል ጃማ፣ ማለትም ቤተሰብና ዘመድ፣ ከሚለው ወጣ። ጁሊየስ ኔሬሬ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ ካብራሩት በኋላ የ1967ቱ የአሩሻ መግለጫ የመንግሥት መመሪያ አደረገው። ብዝበዛ ኡኞኛጂ ተባለ፤ ሥሩ መጥባት፣ መምጠጥ ነው። ማንም ሰሚ ምስሉን ያገኘዋል። ካፒታሊዝም ግን ኡቤፓሪ ሲባል፣ ቤፓሪ በፊት ነጋዴ ማለት ስለነበር፣ ቃሉ ሥርዓቱን ሲነቅፍ በገበያ የተቀመጠውን ሰውም አብሮ ይነካ ነበር። የሦስቱ ቋንቋዎች ንጽጽር የሚያሳየው፣ የቃሉ ግልጽነት ለሰሚው በር የሚከፍት ቢሆንም፣ በሩ ላይ ማን እንደሚቆም ግልጽነቱ ብቻውን እንደማይወስን ነው።

7. ከዚያ ወዲህ

የአደር ቤተሰብ ከአብዮቱ ተርፏል። አርሶ አደር በመንግሥት ቋንቋ ገበሬን እየተካ መጥቷል። አርብቶ አደር ደግሞ፣ ብዙ ከብት አርቢዎች እንደ ስድብ የሚሰሙትን ዘላን ተክቷል። ይህ ሁለተኛው ለሙያ ቃል አሠራር መልካም ምሳሌ ነው። ዘላን ሰውየውን የሚጠራው በቤት አልባነት ነው፤ አርብቶ አደር የሚጠራው በሙያው ነው። ተጠሪው ሲጠራ በስሙ ውስጥ ራሱን ያገኛል። አሠራሩ ከወዝአደር ጋር አንድ ሆኖ ሳለ ዕጣው የተለየው፣ ሰውን ከሰው ለመለየት ስላልዋለ ነው።

የቃላት ሥራ ከሰሚው ሲለይ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከአብዮቱ ጋር አላለፈም። በ1990ዎቹ መባቻ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውርኛን በአንድ የትምህርት ቋንቋ ለማዋሐድ ወጋጎዳ የተባለ ዕቅድ ወጥቶ መጻሕፍት ተዘጋጁ። አራቱ በእርግጥ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ከሥነ ልሳን አንጻር ሐሳቡ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ስሙ ግን ከአራቱ ስሞች መነሻ ቀለማት የተገጣጠመ ምሕጻር ነበር፤ ማንም ሕፃን በቤቱ የማይሰማው ቃል። ሕዝቡ ከመጻሕፍቱ በፊት አልተጠየቀም። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ዕቅዱም ቀረ። በባለሙያ ዓይን የተዋሐደው፣ በተናጋሪው ዓይን የተወሰደበት ነበር።

8. መደምደሚያ

ዛሬ በክልሉ ቋንቋዎች ለሕግ፣ ለጤና፣ ለሳይንስና ለሰዋስው ቃላት የሚያወጡ ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ቃሉ ከየት ይምጣ በሚለው ነው። የወዝአደርና የላብአደር ታሪክ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ያስታውሳል። የሙያ ቃል መተው የለበትም፤ ሰፊው ቃል የማይለየውን የሚለየው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በሸንጎ፣ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ሲነገር ፍቺው አብሮት ሊሄድ ይገባል፤ ነባሩን ቃል የያዘ ሰው ሳይነቀፍ ሊሰማ ይገባል፤ ለአንድ ነገር ሁለት ቃላት ሲኖሩ ምርጫው የወገን ምስክር እንዳይሆን ሁለቱን አብሮ መጥራት ይቻላል፣ አንድምታ «አንድም» እያለ ለዘመናት እንዳደረገው። ቃላት አውጪው ሥራው የሚለካበት ቀላል ፈተና አለ፦ ቃሉ በተነገረበት ስብሰባ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የተማረው ሰው እጁን አውጥቶ ትርጉሙን ጠይቆ፣ መልስ አግኝቶ፣ በሰላም ወደ ቦታው ይመለሳል ወይ?